ትንንሽ የፊውዥን ሞተሮች ለመንኮራኩር፦ ከወሎ ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ቢሆን፣ ስለ ጠፈር ወሬ ሲነሳ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ፊውዥን ላይ ያርፋል። ተማሪዎቹ በስልካቸው ቪዲዮ አይተው ይመጣሉ። "ማርስ በአንድ ወር" የሚል ነገር ሰምተዋል። ከሚሰሙት ውስጥ ጠንካራ ፊዚክስ አለ፤ ገና ወረቀት ላይ ያለም አለ። እዚህ የምመልሰው ደጋግመው የጠየቁኝን ነው። የሞተሩን ዲዛይን የሚመለከተውን ረዘም አድርጌዋለሁ፤ እኛ የምንገባበት በር ያለው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ የፊውዥን ሞተር ምንድን ነው?

ፊውዥን ቀላል የአተም አስኳሎችን በከባድ ሙቀት አጋጭቶ ማዋሃድ ነው። ሲዋሃዱ ጉልበት ይለቃሉ። ፀሐይ የምታበራው በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት የኒውክሌር ማመንጫዎች ግን ከባድ አስኳል እየሰነጠቁ ነው የሚሠሩት፤ ያ ፊሽን ይባላል።

ሞተሩ ውስጥ ነዳጁ ፕላዝማ ይሆናል። ኤሌክትሮኖቹ ከአስኳሎቻቸው የተላቀቁበት እጅግ ትኩስ ጋዝ ማለት ነው። ይህን ሙቀት የሚችል ዕቃ ስለሌለ ፕላዝማው በማግኔት መስክ ታግዶ ይያዛል። ከዚያ በአንድ በኩል መውጫ ይሰጠዋል። እሱ ወደ ኋላ ሲወረወር መንኮራኩሯ ወደ ፊት ትገፋለች።

እስካሁን የበረረ አለ?

የለም፤ አንድም። ምድር ላይም ቢሆን ከፊውዥን ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ መስመር ያስገባ የለም። ይህን ሳትይዙ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አትለፉ።

ታዲያ ለምን ይህን ያህል ይደከምበታል?

ወደ ኋላ የሚወረወረው ጋዝ ፍጥነት ነው ምክንያቱ። ሩሲያዊው ፂዮልኮቭስኪ በ1903 ያሳተመው የሮኬት ቀመር ዛሬም አልተሻረም። ቀመሩ የሚለው ይህን ነው፦ ልትደርሱበት የምትፈልጉት ፍጥነት ከጋዙ ፍጥነት በበለጠ ቁጥር የነዳጁ ክብደት እየተባዛ ያድጋል።

በቁጥር እንየው። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን የሚያቃጥል ምርጥ ሮኬት ጋዙን በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወረውራል። በዚህ ሞተር የመንኮራኩሯን ፍጥነት በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር መጨመር ብንፈልግ፣ መድረሻ ላይ ለሚቀረው ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ መነሻ ላይ 786 ኪሎ ያስፈልገናል። የማይሆን ነገር ነው። ጋዙ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ቢወረወርስ? 1.35 ኪሎ ይበቃል። የፊውዥን ጉጉት በሙሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው።

የናሳዋ የማርስ ተሽከርካሪ ፐርሲቪራንስ ጁላይ 30 ቀን 2020 ተነስታ ማርስ ላይ ያረፈችው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2021 ነው። ሰባት ወር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። ሰው ሲሄድ በእያንዳንዱ ወር ምግብ፣ ውሃና የጠፈር ጨረር አብሮ ይታሰባል። ስለዚህ ጉዞውን ማሳጠር የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

"ትንሽ" ሲባል ምን ያህል ነው?

ቀድሞ ይታሰቡ የነበሩት ግዙፎች ነበሩ። የብሪታንያው ኢንተርፕላኔታሪ ሶሳይቲ ከ1973 እስከ 1978 ያጠናው ዴዳለስ የተባለው መንኮራኩር 54,000 ቶን ይመዝን ነበር። ከዚያ ውስጥ 50,000ው ነዳጅ ነው። የሚሄደውም ወደ ሌላ ኮከብ ነበር። ወረቀት ላይ ድንቅ ሥራ ነው፤ የሚሠራው ግን ማን ነው?

አሁን ትንሽ የሚባለው ከ1 እስከ 10 ሜጋ ዋት የሚያወጣ፣ ርዝመቱ ጥቂት ሜትር የሆነ፣ በአንድ ተራ ማስወንጨፊያ ሮኬት ተጭኖ የሚወጣ ሞተር ነው። በደንብ የተጠናው አሜሪካ ውስጥ በፕሪንስተን የፕላዝማ ፊዚክስ ላቦራቶሪ በሳሙኤል ኮኸን ሐሳብ የተጀመረው ነው። ዳይሬክት ፊውዥን ድራይቭ ይሉታል። ናሳም ከ2016 ጀምሮ ለጥናቱ ገንዘብ ሰጥቶታል። ዕቅዱ አንድ ቶን ያህል ዕቃ ይዞ ፕሉቶ በአራት ዓመት ገደማ መድረስ ነው። ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ፕሉቶ ለመድረስ ከ2006 እስከ 2015 ዘጠኝ ዓመት ተኩል ሄዳለች፤ እሷም እያለፈች ነው ያየችው። ማቆሚያ ጉልበት አልነበራትም።

ግፊቱ ጥቂት ኒውተን ብቻ ነው ይባላል። ይህ ምን ያስኬዳል?

ብዙ ያስኬዳል። 1 ሜጋ ዋት ሙሉ በሙሉ ወደ ጋዙ ቢገባና ጋዙ በሰከንድ 100 ኪሎ ሜትር ቢወጣ የምናገኘው ግፊት 20 ኒውተን ነው። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ነገር እጃችን ላይ የሚጫነውን ያህል።

ይህ ግፊት 10 ቶን መንኮራኩር ላይ ይዋል። በአንድ ቀን ፍጥነቷን በሰከንድ 170 ሜትር ያህል ይጨምርላታል። በአንድ ወር በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በቀን የሚወጣው ጋዝ 17 ኪሎ ገደማ ነው። ወር ሙሉ ሳይቆም መግፋት ነው ምስጢሩ። ዶን የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ከአንድ ኒውተን አንድ አሥረኛ በማይሞላ የአዮን ሞተር ግፊት በማርስና በጁፒተር መካከል ያሉትን ቬስታንም ሴሬስንም ዞራለች።

በእውነተኛው ሞተር ግን ብዙ ጉልበት መንገድ ላይ ይባክናል። የፕሪንስተኖቹ ስሌት ለአንድ ሜጋ ዋት ከ2.5 እስከ 5 ኒውተን ነው። ስለዚህ ለዚያው 20 ኒውተን ከ4 እስከ 8 ሜጋ ዋት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ከምድር ተነስቶ መውጣት ይችላል?

አይችልም። ክብደቱን እንኳ አያነሳም። በተራ ሮኬት ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያ ይለኮሳል።

የትኛው ነዳጅ ይሻላል?

እዚህ ላይ ሰው ይከራከራል፤ ክርክሩም የሚገባ ነው።

በቀላሉ የሚለኮሰው የዲዩቴሪየምና የትሪቲየም ድብልቅ ነው። ሁለቱም ከተራው የሚከብዱ የሃይድሮጅን ዓይነቶች ናቸው። ከ100 ሚሊዮን ድግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከሌሎቹ አንጻር ይህ ዝቅተኛው ነው። ችግሩ የሚወጣው ጉልበት ላይ ነው። ከ17.6 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የአስኳል ጉልበት የሚለካበት ነው) ውስጥ 14.1ዱን፣ ማለትም 80 በመቶውን፣ ኒውትሮን ይዞት ይሄዳል። ኒውትሮን ቻርጅ የለውም፤ ስለዚህ ማግኔት አያዘውም፣ ወደ ኋላም አይመራውም። የሞተሩን አካል ያሞቃል፣ ብረቱን ያደክማል። ለማመንጫ ጣቢያ ይህ ሙቀት ውሃ ያፈላል፤ ለሮኬት ሸክም ነው።

ሁለተኛው ዲዩቴሪየምና ሂሊየም-3 (ከተራው የሚቀል የሂሊየም ዓይነት) ነው። 18.3 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል። ዋናው ውጤቱ ፕሮቶንና ሂሊየም ስለሆነ ሁለቱንም ማግኔት ይመራቸዋል። ለሮኬት የተፈጠረ ይመስላል። ግን በብዙ እጥፍ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። ዲዩቴሪየሞቹም እርስ በርስ እየተዋሃዱ ጥቂት ኒውትሮን ማምጣታቸው አይቀርም። "ኒውትሮን የለውም" የሚል ካያችሁ አትመኑ፤ "ያንሳል" ነው ትክክሉ።

ሦስተኛው ፕሮቶንና ቦሮን-11 ነው። ነዳጁ በሽ ነው፣ ርካሽም ነው። ሙቀቱ ግን ከቢሊዮን ድግሪ በላይ ነው። በዚያ ሙቀት ፕላዝማው ጉልበቱን በኤክስሬይ መልክ ይረጨዋል፤ ከሚያመነጨው የማይተናነስ ያጣል። እኔ ለትንሽ ሞተር አልመርጠውም።

እኔን ብትጠይቁኝ ሂሊየም-3ን እይዛለሁ። መለኮሱ ቢከብድም የሞተሩን ክብደት ይቀንሳል፤ ጠፈር ላይ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስከፍለው ክብደት ነው።

ነዳጁ ከየት ይመጣል?

ዲዩቴሪየም ውሃ ውስጥ አለ። ከ6,400 ገደማ የሃይድሮጅን አተሞች አንዱ ዲዩቴሪየም ነው። ከሐይቅ ኢስጢፋኖስ ገዳም ሥር ካለው ሐይቅ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ብትቀዱ፣ ውስጡ 30 ግራም ያህል ታገኛላችሁ። ሂሊየም-3 ግን ብርቅ ነው። ምድር ላይ በዋናነት የሚገኘው ትሪቲየም ሲበሰብስ ነው፤ ትሪቲየም ደግሞ በ12.3 ዓመት ግማሹ ያልቃል። ጨረቃ አፈር ላይ አለ ይባላል፣ እውነትም አለ፤ ግን ከቢሊዮን ውስጥ ጥቂት እጅ ነው። ተራራ የሚያህል አፈር አበራይቶ ጥቂት ኪሎ ማግኘት ይሆናል። ለአንድ ትንሽ ሞተር የሚበቃውን ምድር ላይ ማጠራቀም ይቀላል።

ትልቁ የዲዛይን ራስ ምታት ምንድን ነው? መለኮሱ ነው አይደል?

ሁሉም እንዲህ ይላል። መለኮሱ ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን ነገ ጠዋት ቢለኮስ እንኳ ሞተሩ ገና ሞተር አይሆንም። የሚያስቀረው ሙቀትና ክብደት ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን የወጣ ሰው ይህን አይቶታል። ከጂቡቲ በኩል የመጣ፣ እስከ አፉ የተጫነ ተሳቢ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ራዲያተሩ እንፋሎት ይተፋል። ሞተሩ ጉልበት አላጣም፤ ሙቀቱን የሚጥልበት አጣ እንጂ። ሾፌሩ ቢያንስ ነፋስ አለው፣ ውሃ ይጨምራል፣ እስኪበርድ ይጠብቃል። ጠፈር ላይ ነፋስ የለም። ሙቀት የሚወጣው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እንደ ብርሃን እየጨረረ።

ስለዚህ ራዲያተሩ ሰፊ መሆን አለበት። ምን ያህል ሰፊ? ትኩስ ገጽ ምን ያህል እንደሚጨርር የሚያሰላው የስቴፋንና ቦልትዝማን ሕግ ይነግረናል። በአንድ ገጹ ብቻ የሚጨርር ፍጹም ጥቁር ራዲያተር እንውሰድ። 1 ሜጋ ዋት ሙቀት ለመጣል 500 ኬልቪን (227 ድግሪ ሴልሺየስ ገደማ) ላይ ቢሠራ 282 ሜትር ካሬ ያስፈልገዋል። 1,000 ኬልቪን ላይ ቢሠራስ? 18 ሜትር ካሬ አይሞላም። ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን ስፋቱ 16 ጊዜ ይቀንሳል። "እንግዲያው ሁሌ በ1,000 እናሠራዋ" ትላላችሁ። ግን ያን ሙቀት የሚችል ቱቦ፣ ፓምፕና ፈሳሽ ብረት ይፈልጋል። ያም ይመዝናል፣ ያፈስሳል፣ ይዝጋል።

አሁን ወደዚያ ልዩነት እንመለስ። 8 ሜጋ ዋት ሞተር ሠርተን ጋዙ ላይ የደረሰው 1 ቢሆን፣ ከቀረው ብዙው እንደ ሙቀት ራዲያተሩ ላይ ያርፋል። ባለሙያዎቹ ሞተርን የሚመዝኑት ለዚህ ነው በአንድ ቁጥር፦ በአንድ ኪሎ ስንት ኪሎ ዋት? አንድ ኪሎ ዋት በኪሎ ከተገኘ ብዙ ጉዞ ይከፈታል። ከአንድ አሥረኛው በታች ከሆነ ሞተሩ ራሱን ተሸክሞ ከመሄድ ያለፈ ብዙ አይፈይድም። አንድ ዲዛይን ስታዩ መጀመሪያ ሥዕሉ ላይ ራዲያተሩን ፈልጉ። ከሌለ፣ ያ ሥዕል ገና ዲዛይን አልሆነም።

ማግኔቱስ?

የማግኔት መስክ ይገፋል፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። 10 ቴስላ መስክ (ቴስላ የመስኩ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ማግኔቱ በተሠራበት የሽቦ ጥቅልል ላይ 400 ከባቢ አየር የሚያህል ጫና ያሳርፋል። መስኩን እጥፍ ካደረጋችሁት ጫናው አራት እጥፍ ይሆናል። ያን የሚሸከም ብረት መጨመር አለበት፤ ብረት ደግሞ ክብደት ነው።

በ2021 አሜሪካ ውስጥ ኤም አይ ቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲና ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በአዲሶቹ ሱፐርኮንዳክተሮች (በርደው ሲቆዩ ኤሌክትሪክ ያለ ብክነት የሚያስተላልፉ ዕቃዎች) 20 ቴስላ የደረሰ ትልቅ ማግኔት አሳይተዋል። ለትንንሽ ሞተሮችም ትልቅ ተስፋ ነው፤ መስኩ ሲጠነክር ሞተሩ ማነስ ይችላልና። ግን ያ ማግኔት የሚሠራው 20 ኬልቪን ላይ ነው፤ ከዜሮ በታች 253 ድግሪ ሴልሺየስ ማለት ነው። አጠገቡ መቶ ሚሊዮን ድግሪ፣ እሱ 20 ኬልቪን! ከ20 ኬልቪን አንድ ዋት ሙቀት አውጥቶ 500 ኬልቪን ላይ ለመጣል፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ 24 ዋት ይጠይቃል። በተግባር ከዚያ በብዙ ይበልጣል። አሁንም ሙቀት።

ቢፈነዳስ? ሰው ቢኖርበትስ?

እንደ ቦምብ አይፈነዳም። በማንኛውም ቅጽበት ውስጡ ያለው ነዳጅ እጅግ ጥቂት ነው። እንግሊዝ አገር የነበረው ጄት የተባለው የፊውዥን መሞከሪያ ማሽን በመጨረሻ ሙከራዎቹ 69 ሜጋ ጁል ሲያወጣ የተጠቀመው 0.2 ሚሊ ግራም ነዳጅ ነበር። ፕላዝማው ከተረበሸ ወዲያው ይበርዳል፣ ያበቃል።

ሌላው ጥቅም ሞተሩ ወደ ጠፈር ሲወጣ ነው። በ1978 ኮስሞስ 954 የተባለችው የሶቪየት ሳተላይት የፊሽን ሪአክተር ይዛ ካናዳ ላይ ወድቃለች፤ የተበተነውን ለመልቀም ወራት ፈጅቷል። ዲዩቴሪየምና ሂሊየም-3 ግን ሁለቱም ጨረር የላቸውም፤ ያልተለኮሰ ሞተር ቢወድቅ እንዲህ ዓይነት ጣጣ አያመጣም።

ለሰዎቹ ግን መከለያ የግድ ነው። ሞተሩን ዙሪያውን መሸፈን ከባድ ስለሆነ፣ በሞተሩና በሰዎቹ መካከል ብቻ ጋሻ ይቆማል። የቀረው ኒውትሮን ወደ ባዶው ይሂድ። ርቀቱን እጥፍ ማድረግ ጨረሩን ወደ ሩብ ስለሚያወርደው፣ መንኮራኩሯን ረዥምና ቀጭን ማድረግ ከጋሻ ይረክሳል።

ፀሐይን መሥራት ፈጣሪን መዳፈር አይሆንም ወይ?

ይህን የጠየቁኝ ደሴ ቡና ላይ አንዲት እናት ናቸው። ቄሱም ሼኩም የተቀመጡበት ቡና ነበር። "እማማ፣ ፀሐይን የሠራት እሱ ነው። እኛ የምናጠናው የሠራበትን ሥርዓት ነው" አልኳቸው። ሼኩም ቄሱም ተስማሙ። ዛሬም መልሴ ያው ነው።

መቼ ይደርሳል?

በዚህ አሥር ዓመት ውስጥ ጠፈር ላይ ይገፋል ብዬ አልጠብቅም። ዲሴምበር 5 ቀን 2022 አሜሪካ ውስጥ ኒፍ በተባለው ማዕከል 2.05 ሜጋ ጁል ሌዘር ነዳጁ ላይ አርፎ 3.15 ሜጋ ጁል ወጥቷል። ታሪካዊ ቀን ነው። ግን ሌዘሮቹን ለማስነሳት ከመስመር የተወሰደው 300 ሜጋ ጁል ገደማ ነበር፤ ሕንጻውም ሦስት የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ከዚያ እስከ ጥቂት ሜትር ሞተር መንገዱ ረዥም ነው። ረዥም መሆኑ ነው ደግሞ ዛሬ አንደኛ ዓመት ያለ ተማሪ ሊደርስበት ይችላል የሚያስብለኝ።

ከወሎ ሆኜ ምን ልሠራ እችላለሁ?

መጀመሪያ የማይሠራውን ልናገር። ቪዲዮ አይታችሁ ፉዞር የሚባለውን ትንሽ መሣሪያ ቤት ውስጥ ለመሥራት አትሞክሩ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈልጋል፣ ኤክስሬይም ያወጣል። የድሮ ማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር ፈታቶ መሞከር ሰው ይገድላል። እባካችሁ።

የሚሠራው ብዙ ነው። በ2021ዱ ጦርነት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴም የኮምቦልቻም ግቢ ብዙ ንብረት ወድሞበታል፤ ቤተ ሙከራ እስኪሟላ ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ከላይ እንዳያችሁት የዚህ ሞተር ትልቁ ጣጣ ራዲያተር፣ ጋሻ፣ ማግኔትና ክብደት ነው። ይህ ደግሞ በላፕቶፕ ይሰላል። ለጉዞ መንገድ ጂማት የሚባለው የናሳ ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። ለኒውትሮንና ለጋሻ ኦፕን ኤም ሲ አለ። ለማግኔትና ለሙቀት ፌም (FEMM) የሚባለው ቀላል ነው፤ አቅም በሌለው ኮምፒውተርም ይሠራል። አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የኦፕን ኤም ሲ የኒውክሌር ዳታ ግን ከባድ ስለሆነ ጥሩ ዋይፋይ ባገኛችሁበት ቀን አውርዱና በፍላሽ ተቀባበሉ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ረዥም ስሌት ስታስኬዱ በየመሃሉ ሴቭ እንዲያደርግ እዘዙት።

የሜካኒካል ተማሪ ራዲያተሩን፣ የኤሌክትሪካል ተማሪ ጥቅልሉን፣ የፊዚክስ ተማሪ ጋሻውን ይያዝ። ሦስቱ ቁጥራቸውን አንድ ሠንጠረዥ ላይ ሲያመጡት ጥሩ የመመረቂያ ሥራ ይወጣዋል።

ልጄ ይህን ቢማር እንጀራ ይሆነዋል?

ወላጅ ሲጠይቀኝ የምለው ይህ ነው፦ "ፊውዥን ሞተር" የሚል የሥራ ማስታወቂያ እዚህ አይወጣም። ግን ሙቀት ማስተላለፍን ጠንቅቆ ያወቀ ልጅ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ቦይለር ላይም ይፈለጋል። ማግኔትና ቫኪዩም የገባው የሆስፒታል ኤም አር አይ ማሽን አይከብደውም። አገራችንም በ2019 ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን ሳተላይት በቻይና ሮኬት አምጥቃለች፤ እንጦጦ ላይ በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ልጁ ከወደደው ይማር።

ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ የምሞክረው ነገር ስጠኝ።

እሺ። ሞተራችሁ 3 ሜጋ ዋት ሙቀት መጣል አለበት። ራዲያተሩ 327 ድግሪ ሴልሺየስ ላይ ይሠራል። በአንድ ገጹ የሚጨርር ፍጹም ጥቁር ነው በሉ። አንድ ሜትር ካሬ የሚጥለው ዋት 5.67 ሲባዛ በ10 ነጌቲቭ 8 ኃይል፣ ሲባዛ በሙቀቱ አራተኛ ኃይል ነው። ስፋቱን አውጡ። 408 ሜትር ካሬ ገደማ መምጣት አለበት፤ በሁለቱም ገጽ የሚጨርር ከሆነ ግማሹ ይበቃል። ከ4,600 በላይ ከመጣባችሁ ሴልሺየሱን ወደ ኬልቪን ሳትቀይሩ አስገብታችኋል፤ 273 ደምሩበትና እንደገና ሥሩት።